ከመግዛት በፊት መሞከር

በባሌ ደጋ ፈረስ የሚገዛ ሰው የሻጩን ምስጋና ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይቈጥርም። ጥርሱን ይመለከታል፤ ኮርቻ ጭኖም ዳገትና ቍልቍለት ያስኬደዋል። ይህን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሬ እያየሁ ባድግም፣ በሮቤ ለአንድ አዳራሽ የመድረክ መብራት እንድንገዛ በተመረጥን ጊዜ ግን ረሳሁት።

ገንዘቡ ከመምህራንና ከወላጆች በጥቂት በጥቂቱ የተዋጣ ነበር። እኔ ባለ 1000 ዋት ፓውዛ አራት እንግዛ ብዬ ተከራከርሁ። አንድ አረጋዊ መምህር ግን፣ «ልጄ፣ አስቀድመን ለአንድ ምሽት እንከራየው» አሉ። የኪራዩ ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋ መስሎኝ አዘንሁ።

በሙከራው ምሽት አራቱ በአንድነት በርተው ጥቂት እንደ ቈዩ አዳራሹ ጨለመ። ለካስ አራቱ በ220 ቮልት 18 አምፔር ያህል ይስባሉ፤ የመስመሩ ብሬከር የሚችለው ግን 10 ብቻ ነበር። ሁለቱን ብቻ አብርተን ተማሪዎቹ መድረክ ላይ ሲወጡ ደግሞ ሌላ ጕድለት ታየ፤ በቀጥታ ከራስ በላይ የተሰቀለው ብርሃን ነጩን ጋቢ ሲያደምቅ ዐይናቸውን በጥላ ሸፈነው። ፓውዛውን ከፊት ለፊት በሰያፍ ብናዞረው ፊታቸው ተገለጠ።

ወላጆች የሚመጡት የልጆቻቸውን ፊት ሊያዩ እንጂ የእኛን ፓውዛ ሊያደንቁ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ኋላ የገዛነው ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚበቃውን የኤልኢዲ መብራት ነው፤ እርሱንም ተከራይተን ከሞከርን በኋላ ነው።

የሰው ገንዘብ በዐደራ የያዘ ሁሉ የሙከራን ወጪ እንደ ኪሳራ አይቍጠረው። እኛን ጨለማው ያገኘን ተመልካች በሌለበት ምሽት ነውና።