ሥዕሉ ሲሸጥ ብሩ ለማን ነው?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሥዕል ገበያ ነው። አትሳቁብኝ።

የምሠራው አል ናህዳ፣ በሻርጃው በኩል ነው። ማዳሜ ዱባይ አልኩዝ ውስጥ ሥዕል የሚሸጥ ጋለሪ ተቀጣሪ ናት፤ እዚህ የምትኖረው ኪራይ ስለሚረክስ ነው። አንድ ቀን ስልኳን አሳየችኝና «ይቺ ያገርሽ ልጅ አይደለችም?» አለችኝ። ጁሊ ምሕረቱ ናት። በ1970 በፈረንጅ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር አሜሪካ የሄደችው። በኖቬምበር 2023 ኒውዮርክ ላይ ሶዝቢስ የሚባለው አጫራች አንድ ሥዕሏን በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ወደ ዲርሃም ስመታው 39 ሚሊዮን መጣ። በኔ 1,200 ደሞዝ ሳልበላ ሳልጠጣ 2,700 ዓመት መሥራት ነው!

«ታድላ!» ስል ማዳም ሳቀች። ለካ ያ ብር ለሠዓሊዋ አይደለም! ሥዕሉን ቀድሞ ገዝቶ ያስቀመጠው ሰው ነው የሸጠው፤ ብሩም የሱና የአጫራቹ ነው። እንግሊዝና አውሮፓ ውስጥ ሥዕሉ እንደገና ሲሸጥ ለሠዓሊው ትንሽ ፐርሰንት ይደርሰዋል፣ ያውም አውሮፓ ውስጥ ከ12,500 ዩሮ አይበልጥም። አሜሪካ ግን እንዲህ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ለሷ የሚተርፋት፣ ስሟ ሲወደድ አዲስ የምትሠራው ዋጋው መጨመሩ ነው። ከመጀመሪያው ሽያጭም ቢሆን ሠዓሊው ብዙ ጊዜ ከጋለሪው ጋር እኩል ነው የሚካፈለው። (ግማሽ ስትለኝ ሌብነት መሰለኝ። ግን ጋለሪው ገዢ ይፈልጋል፣ ስም ያስጠራል፣ ዋጋ እንዳይወርድ ይጠብቃል። የኛ ደላላ አውሮፕላን ካሳፈረን ወዲያ ስልክ እንኳ አያነሳም።)

ይሄን ሁሉ የማወራው በታናሽ ወንድሜ ምክንያት ነው። ደሴ ነው ያለው፣ ይሥላል። እናቴ «መንጃ ፈቃድ ያውጣ» ትላለች። ባለፈው ደውሎ «እታለም፣ አንድ ሰውዬ 14ቱንም ሥዕል በ70 ሺህ ብር ጠቅልዬ ልውሰድ አለኝ» አለኝ። 70 ሺህ ለኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

«ሁለቱን ብቻ ሽጥለት» አልኩት። «መጀመሪያ ፎቶ አንሳቸው፣ ከጀርባ ስምህንና ዓመቱን ጻፍ፣ ማን በስንት እንደገዛህ ደብተር ላይ ያዝ። 14ቱንም ከወሰደ ዋጋህን የሚቆርጠው እሱ ነው። ነገ ቸኩሎ በርካሽ ካራገፋቸው፣ አዲሱን በደህና ዋጋ ማን ይገዛሃል?»

ለሸራና ለቀለም 400 ዲርሃም ላክሁለት። ሰውዬው ሁለት ብቻ አልፈልግም ብሎ ሄደ። ሥዕሎቹ አልጋ ሥር ናቸው፣ እናቴም እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። እህቶቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?