ጠመንጃው መብት ነው ወይስ ምትክ?

የመጀመሪያው ረቂቅ ከአማካሪው እጅ ሲመለስ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ይህ ፉከራ እንጂ ጥናት አይደለም። ተቃዋሚህ የታለ?»

ተማሪው የሕግ ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶታል። የመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ «የጦር መሣሪያ የመያዝ መብት በኢትዮጵያ» ይላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ረቂቁን በቦርሳው ይዞ አንበሳሜ፣ ወላጆቹ ቤት ገባ። ብዙም ሳይቆይ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መንገዱም ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። በእጁ የቀረው ላፕቶፑ ላይ ያስቀመጠው ብቻ ነው፦ ሕገ መንግሥቱ፣ የወንጀል ሕጉ፣ የ2012ቱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅና ጥቂት የአሜሪካ ፍርዶች። ከተቀመጠበት በላይ ደግሞ ምሰሶው ላይ የአባቱ ክላሽ ተንጠልጥሏል።

እርማቱ እዚያ ተጀመረ።

የረቂቁ ግማሽ አሜሪካ ነበር። በ1791 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ የ2008ቱ የሄለር ውሳኔ፣ የ2010ሩ የማክዶናልድ፣ የ2022ቱ የብሩን፤ ሁሉም በኩራት ተደርድረዋል። ረጋ ብሎ ሲያነባቸው ግን በጥድፊያ የዘለለውን አየ። ማሻሻያው የሚጀምረው ስለ ግለሰብ በማውራት ሳይሆን በሚገባ ስለተደራጀ ሚሊሺያ በማውራት ነው። መብቱ የግለሰብ ነው ብሎ የወሰነው የሄለር ፍርድ ራሱ፣ መብቱ ገደብ የለሽ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግሯል።

ደግሞስ የአሜሪካ ማሻሻያ ለአንበሳሜ ገበሬ ምኑ ነው? የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት ከፍቶ መብቶች የተዘረዘሩበትን ምዕራፍ ሦስትን ፈተሸ። መሣሪያ ተጠቅሶ ያገኘው አንቀጽ 30 ላይ ነው፤ እሱም መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብ መብት ነው። ቀጥሎ ያገኘው አንቀጽ 51 ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ ማውጣት ከፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣኖች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። እሱ የመብት ጥያቄ አድርጎ የጀመረው ነገር በሕጉ ዘንድ የሥልጣን ጉዳይ ነው። ያን ቀን ስድስት ገጽ ሰረዘ።

ቀጥሎ ወደ ታሪኩ ሄደ። ረቂቁ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመተውን ገበሬ ያነሣል። በ1890 እ.ኤ.አ. በብራስልስ የተሰበሰቡት አውሮፓውያን ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ለመገደብ መስማማታቸውን ያነሣል። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ኢትዮጵያ መሣሪያ እንዳትገዛ በገጠማት ክልከላ መጎዳቷንም ያነሣል። ከዚያ «ትጥቅ የሚያስፈታ ሁሉ ጠላት ነው» ብሎ ይደመድማል። ማስረጃዎቹ እውነት ናቸው። መደምደሚያው ግን ከማስረጃዎቹ አይወጣም፤ የባዕድ ወራሪ ክልከላና የራስ አገር ሕግ አንድ አይደሉምና።

ጋፋትም ነበረች። ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት፣ ዓፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያሠሩባት ቦታ፣ በረቂቁ ውስጥ የሕዝብ ትጥቅ ምልክት ሆና ተጠቅሳለች። ሲያርም ተገላቢጦሹ ታየው። የቴዎድሮስ ዓላማ በየመሳፍንቱ እጅ የተበታተነውን ኃይል ወደ አንድ ማእከል መሰብሰብ ነበር። ስለዚህ ጋፋት ለታጠቀው ገበሬ ብቻ አትመሰክርም፤ መሣሪያ በመንግሥት እጅ ይሁን ለሚለውም ትመሰክራለች። አማካሪው «የታለ?» ያለው ተቃዋሚ በራሱ ጥቅስ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ሌላዋ ተቃዋሚ ደግሞ እዚያው ቤት ቡና ይቆሉ ነበር። እናቱ ናቸው።

«የምትጽፈው ስለ ጠመንጃ ከሆነ የአጎትህን ነገር ለምን አልጻፍኸውም?» አሉት። አጎቱ የሞተው በሽፍታ እጅ አይደለም። በአንድ ፈር መሬት የወሰን ክርክር የተነሣ የተኮሰበት ጎረቤቱ ነው። ያ ጠመንጃም ሲገዛ «ራስን ለመከላከል» ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሁለቱ ቤት ወንዶች በአንድ ገበያ አልዋሉም፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀሩ፤ እርሻ ጦሙን አደረ። ሽማግሌዎች ደሙን እስኪያደርቁ ድረስ ሞት ከሁለቱም ደጅ አልራቀም። «በዱላ ቢሆን ኖሮ፣ ጭንቅላት ተፈንክቶ፣ ካሳ ተከፍሎ ያልቅ ነበር» አሉ እናቱ።

ይህን ታሪክ ሲሰማው ያደገ ነው። ጥናቱ ውስጥ ግን አንድ መስመር አላገኘም። የቤት ወሬ እንጂ ማስረጃ አልመሰለውም ነበር።

አባቱንም ጠየቃቸው፤ «ክላሹ መብትዎ ነው?»

«መብቱን አንተ ታውቃለህ» አሉ። «እኔ ሁለት በሬ ሸጬ የገዛሁት ለፉከራ አይደለም። ሌሊት ከብቴ ቢነዳ ፖሊስ የሚደርሰው ጠዋት ነው፤ እሱም ለመመዝገብ። አንተ ሌሊቱን ማን ይደርስልሃል ብለህ ጻፍልኝ።»

ተማሪው ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ጻፋቸው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ይባስ ብሎ አንዱ ሌላውን ይወልዳል። አባቱ የገዙት ጎረቤት ስለታጠቀ ነው፤ ጎረቤቱም የታጠቀው እሳቸውን አይቶ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ለመከላከያ የገዛው ሲደመር የሁሉም ስጋት ይሆናል።

መንግሥትስ? አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ትጥቅ በልማድ ለሚያዝባቸው አካባቢዎችም የምዝገባና የፈቃድ መንገድ ያስቀምጣል። ሕጉ በወጣ በዓመት ከመንፈቁ፣ ሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ወደ አማራ ክልል ሲገባ፣ የክልሉ ርእሰ መስተዳድር አገኘሁ ተሻገር የመንግሥትም ሆነ የግል መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲዘምት ጥሪ አቀረቡ። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብና ሰፈሩን ለመጠበቅ እንዲዘጋጅ ተነገረው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የክልል ልዩ ኃይሎችን መልሶ የማደራጀት ውሳኔ መጣ፤ በአማራ ክልል ብዙ ሰው ውሳኔውን የትጥቅ ማስፈታት መጀመሪያ አድርጎ አየውና ተቃውሞ ተነሣ። ክረምቱ ሲገባ ነገሩ ጦርነት ሆነ።

ምሰሶው ላይ ያለው ክላሽ አልተለወጠም። ስሙ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተለወጠ፦ መጀመሪያ ፈቃድ የሚያሻው ዕቃ፣ ቀጥሎ የአገር አለኝታ፣ በመጨረሻ የጥርጣሬ ምክንያት። «አስረክብ» የሚለውና «ይዘህ ና» የሚለው አንድ አካል ሲሆን፣ ገበሬው የሚይዘው የትኛውን ቃል ነው?

ተማሪው ከርእሱ ላይ «መብት» የሚለውን ቃል ያነሣው እዚህ ላይ ነው።

አዲሱ መከራከሪያው እንዲህ ይላል። የደቡብ ጎንደር ገበሬ ጠመንጃ በራሱ መብት አይደለም፤ ያልደረሰ መብት ምትክ ነው። ዋናው መብት አንቀጽ 14 እና 15 ላይ ያለው ነው፦ በሕይወት የመኖርና የአካል ደኅንነት። ምትኩን መውሰድ የሚቻለው ዋናውን ባደረሱት ልክ ነው። ስለዚህ መቅደም ያለበት መንጠቅ ሳይሆን መመዝገብ ነው። ምዝገባውም በወሰን የሚጣሉ ቀበሌዎችን በአንድ ቀን ይድረስ፤ አንዱ ተመዝግቦ ሌላው ቢቀር ቅድሚያ የታዘዘው ተጎጂ ነውና። ከምዝገባው በፊት ያልደረቀ ደም በሽማግሌ ይድረቅ። ሌሊት ሲጠራ የሚመጣ ፖሊስ ይኑር።

በዚህ ጊዜ ተቃዋሚውን አልሸሸም። «መንግሥት ሙሉ እስኪሆን ከተጠበቀ ትጥቅ ለዘላለም አይፈታም፤ መንግሥት ሙሉ የማይሆነውም ሁሉ ስለታጠቀ ነው» የሚለውን ክርክር በጠንካራ ቃል ጻፈው። ሙሉ መልስ አላገኘለትም። ከሁለቱ ወገን መጀመሪያ አንድ እርምጃ መራመድ ያለበት ግን አቅምም ሥልጣንም ያለው መንግሥት ነው ብሎ ተከራከረ። ከመጀመሪያው ረቂቅ ያጠረ፣ ብዙ የማይጮኽ ጽሑፍ ሆነ።

ማታ ለወላጆቹ አነበበላቸው። እናቱ የወንድማቸው ታሪክ ሲነበብ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። አባቱ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዳመጡ። ሲያበቃ ግን ስለ አንቀጽ 14ም ሆነ ስለ አሜሪካ አልጠየቁም።

«ስሜን ጽፈሃል?» አሉ።

«አልጻፍሁም፤ ‹አንድ የአንበሳሜ አርሶ አደር› ነው ያልሁት።»

«ሁለት በሬ መሸጤንስ?»

«እሱን ጽፌዋለሁ።»

«አውጣው። በሬ ሸጦ ክላሽ የገዛ ማን እንደሆነ አገሩ ያውቃል።»

ተማሪው ተከራከረ። ይህ አንቀጽ ሲወጣ ጥናቱ ዋና ምስክሩን ያጣል አለ። አባቱ መልስ አልሰጡም፤ ተነሥተው ክላሹን ከምሰሶው አወረዱና ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ። በማግስቱ አንቀጹን አወጣው።

በምትኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስገባ፤ የጥናቱ ፍሬ ነገርም እሱ ሆኖ ቀረ፦ የገዛ ልጁን ወረቀት የሚፈራ ሰው የምዝገባ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተሰልፎ አይገኝም፤ አዋጁ መጀመሪያ ማስመዝገብ ያለበት መሣሪያውን ሳይሆን አመኔታውን ነው።