ከወልክፊት እስከ ደረስጌ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ እንጂ ስለ ጦር ሜዳ እምብዛም አይጻፍም። ዛሬ የማወጋችሁ ግን በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ከአያቴ ጋር ሆነን ሁለት የቆዩ የጦር ሜዳዎችን ለማየት ወደ ስሜን ያደረግነውን ጉዞ ነው። ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አያቴ በዚያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ነበር። አርበኛው አባታቸው በ1933 ዓ.ም. ክረምት በወልክፊት ከበባ ላይ ሲወድቁ እሳቸው ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። «ያን አፈር ሳላይ አልሞትም» እያሉ ለዓመታት ሲናገሩ እኛ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በየምክንያቱ ስናሳድረው ኖረናል። በመጨረሻ ጉልበታቸው እየደከመ መሄዱን ባየሁ ጊዜ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ተነሣን።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ መንገዱ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን እያቋረጠ በወገራ ደጋ፣ በገብስና በስንዴ ማሳ መካከል ይዘልቃል። አጫጁ ሥራውን ጨርሶ በየአውድማው ጭዱ ተከምሯል። (እኛ ያን መንገድ በሰላም ባለፍንበት አገር፣ በዳባት ወረዳ ጭና፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ሰላማዊ ሰዎች በጦርነት እንደተገደሉ ስሰማ ቀድሞ ዐይኔ ላይ የመጣው ያ ጭድ ነበር።) በአውቶቡስ ውስጥ አያቴን «እማማ፣ ወዴት ነዎት?» ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ለቅሶ ልደርስ።» የሰማንያ ዓመት ለቅሶ እንዴት ያለ ነው ብዬ በልቤ ፈገግ አልኩ። አልገባኝም ነበር።

ወልክፊት ከደባርቅ በስተሰሜን፣ መንገዱ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት የሚገኝ በር ነው። ከጫፉ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው ምሽግ ለምን እዚህ እንደተሠራ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልግም። ይህን የያዘ የጎንደርን የሰሜን ደጃፍ ያዘ ማለት ነው። በዚህ ምሽግ በኮሎኔል ጎኔላ የሚመራ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ የፋሽስት ጦር ለወራት ተከቦ ከቆየ በኋላ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ጦርና ለአርበኞቻችን እጁን ሰጠ። ጎንደርም ከሁለት ወር በኋላ ኅዳር 18 ቀን ነፃ ወጣች።

ይህን በመጽሐፍ ታገኙታላችሁ። ያን ሁሉ ወር ከምሽጉ ውጭ በብርድና በዝናብ የከረመው አርበኛ ምን ይበላ እንደነበር ግን አያቴ ነገሩኝ። እናታቸው በሌሊት ገብስ ቆልተው፣ ፈጭተው፣ በሶውንና ድርቆሹን በአቅማዳ ቋጥረው፣ ሕፃኗን ለጎረቤት ትተው ስንቁን በጀርባቸው ያደርሱ ነበር። አንድ ቀን ስንቁን ይዘው ቢደርሱ የሚቀበላቸው ባል አልነበረም። ስንቁን ለጓደኞቹ አከፋፍለው፣ ጠመንጃውን ተሸክመው ተመለሱ። ሜዳይ የሚባል ነገር ለእሳቸው አልደረሰም፤ ለመጠየቅም የሄዱ አይመስለኝም።

አያቴ ከገደሉ ጫፍ አፈር ቆንጥረው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይመልሱ «ያ ሰው ከውስጥ ነበረ» አሉኝ።

«ማን?»

«የአባቴ ወንድም።»

ከእጅ ከሰጠው ጦር ውስጥ ግማሽ ያህሉ ኢጣሊያኖች እንዳልነበሩ፣ ከዚሁ ከእኛ ምድር የተመለመሉ እንደነበሩ አነብ ነበር። ከእነዚያ አንዱ የእኛ ሰው መሆኑን ግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በዚያ ገደል ጫፍ ላይ ነው የሰማሁት። ሁለት የአንድ እናት ልጆች፣ አንዱ ከካቡ ወዲያ፣ አንዱ ከካቡ ወዲህ። ጥይቱ ከማን እንደወጣ የሚያውቅ የለም። አያቴ ግን በልጅነታቸው ፈርደው ነበር፤ ስሙንም በቤታችን አስጠርተው አያውቁም። ሰውየው ጃናሞራ ገብቶ ኖሮ በደርግ ዘመን ሲሞት መርዶው ደርሷቸው አልሄዱም። ለቅሶው ይህ ኖሯል።

በማግሥቱ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝን። መንገዱ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሳንቃ በርና በጨነቅ አልፎ ከ4,200 ሜትር በላይ በሆነው የቧሂት ከፍታ ይሻገራል። ጭላዳው በመንገዱ ዳር ሣር ይነጫል፤ ጅብራው እንደ ዘብ ቆሟል። ውበቱን ብጽፍ ገጹ አይበቃኝም፤ ለእውነቱ ግን እኔ ያየሁት የአያቴን ከንፈር መጥቆር ብቻ ነበር። እንዲህ ያሉ አረጋዊት ይዛችሁ የምትሄዱ እኅቶች ሁለት ጋቢና በፔርሙስ ትኩስ ሻይ አትርሱ፤ እኔ አንዱን ጋቢ ረስቼ ነበር።

ከደረስጌ ማርያም የደረስነው በሦስተኛው ቀን ነው። እንደሚታወቀው ስሜንንና ትግራይን የገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ዘውድ ሊጭኑባት አስበው ነበር። ሽምፐር የተባለው ጀርመናዊ በሥራው ረድቷቸዋል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን በዚሁ አገር ከካሣ ኃይሉ ጋር ተዋግተው ተማረኩ፤ ካሣም በጥቂት ቀን ውስጥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በእነዚያው ውቤ ከግብፅ ባስመጧቸው በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውዱን ጫኑ።

የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ከዚህ ወደ መቅደላ ይዘልላሉ። እኔ ግን ከግድግዳው ሥዕል ፊት ቆሜ የማስበው ጥሩወርቅን ነበር። የውቤ ልጅ አባቷን ላሠረው ንጉሥ ተዳረች፤ ልዑል ዓለማየሁንም ወለደች። ባሏ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞት በእንግሊዝ ጦር ታጅባ ወጥታ በዚያው ዓመት በመንገድ ሞተች፤ ጨለቆት ተቀበረች። ልጇም እንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ቀረ። በአባቷና በባሏ መካከል ሆና ምን ትል እንደነበር የጠየቃት ሰው ስለመኖሩ አላነበብኩም። የወንድሙ የብጡል ልጅ ጣይቱ እቴጌ ሆና ዓድዋ ስትዘምት ይኸው የውቤ ቤት በሌላ በር ወደ ዙፋን ተመለሰ፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

አጎትየው የተቀበረው ከመካነ ብርሃን ወዲህ በሚገኝ ትንሽ ደብር ነው። የድንጋይ ክምር እንጂ ስም የለበትም። ልጁ፣ እሷም አሮጊት ሆናለች፣ ከቤቷ ወጥታ አያቴን ባየች ጊዜ ማን መሆናቸውን አልጠየቀችም። «ፊትሽ የአባቴ ነው» ብላ ተንበርክካ አለቀሰች። አያቴም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደ ትኩስ ሬሳ አለቀሱለት።

ማታ በምድጃው ዙሪያ ነበር ነገሩ የወጣው። «ገብሱን ግን ትቀበሉ ነበራ?» አለች ባለቤቲቱ።

«የምን ገብስ?»

«ጥር ጥር አባቴ በአህያ የሚልከው። ላንቺ እናት።»

አያቴ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በልጅነታቸው ከጥምቀት በኋላ አህያ የሚነዳ ልጅ ይመጣ እንደነበር፣ እናታቸውም «ከደብሩ ለድሀ የሚሰጥ ነው» ይሏቸው እንደነበር ትዝ አላቸው። በዚያ ገብስ አድገዋል። እናታቸው ላኪውን እያወቁ እየተቀበሉ፣ ለልጃቸው ሳይናገሩ አረፉ። ከጥላቻ ይሆን ከይቅርታ፣ ወይስ ልጅ መራብ የለበትም ከሚል ብቻ፣ እናንተው ፍረዱ። እኔ እስካሁን አልቻልኩም።

«መቼ ነው የቀረው?» አሉ አያቴ።

«አንቺ ባል ያገባሽ ዓመት።»

በማግሥቱ አውቶቡሱ ዘንድ ስንደርስ የአጎት ልጅ ግማሽ ኩንታል ገብስ በልጇ አስይዛ ጠበቀችን። ረዳቱ የጭነት ሃምሳ ብር ጠየቀ። አያቴ «ዕቃ አይደለም፤ የአጎቴ ስንቅ ነው» ብለው ተሟገቱት። ረዳቱ ግን ከሃምሳው ብር አንድም አልቀነሰም፤ ከፈልኩ።