ኔትወርክ ሲሄድ አብሮ የማይሄድ ዘፈን

«ለቤት የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ስቴሪዮ ምን ልግዛ?» ብሎ ከመተማ ሆኖ ዩቲዩብ ላይ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ምክር ያው ነው፤ ዋይፋይ ያለው ስፒከር ግዛ፣ በየወሩ ለስትሪሚንግ ክፈል፣ ተደላድለህ አዳምጥ። ለተነገረበት አገር ጥሩ ምክር ነው። እዚያ መብራት መጥፋቱ ራሱ ዜና ነው።

ወደኛ ስንመጣ ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ከዚያ ቀደም ብሎ ሚያዝያ 7 ቀን ካርቱም ላይ ጦርነት ፈንድቶ፣ በገላባት በኩል ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ሲገባ ከርሟል። በዚህ ሁሉ መሃል ስለ ስፒከር ማውራት ቅብጠት የሚመስለው ይኖራል። ለእኔ አይደለም። ጀንበር ስትጠልቅ ሰው በሩን ዘግቶ በሚቀመጥበት የቆላ ከተማ፣ ለማታው የቀረን ነገር ቢኖር ቤት ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ነው። ዜናውም፣ መዝሙሩም፣ መንዙማውም፣ ዘፈኑም።

እናም ከስፒከሩ በፊት የሚወሰነው ዘፈኑ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ጥራቱ ደህና የሆነ ስትሪሚንግ፣ ማለትም በሰከንድ 320 ኪሎቢት፣ በሰዓት 144 ሜጋባይት ይበላል። በቀን 3 ሰዓት የሚያዳምጥ ቤት በወር 13 ጊጋባይት ገደማ ይጨርሳል። ወሩ ሲያልቅ እጃችሁ ላይ የሚቀር አንድም ዘፈን የለም። በዚያው ጥራት ባለ 32 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ ከ200 ሰዓት በላይ ይይዛል። ኔት ሲኖር የምትወዱትን ገዝታችሁ አውርዱ፤ ሲዲ ያላችሁ ገልብጡ። የድሮ ካሴቶቻችሁንም አትጣሉ። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ አንድ ሽቦና ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል።

ገንዘባችሁን ስፒከሩ ላይ አውሉት። ሁሉን በአንድ የያዘ የብሉቱዝ ሳጥን ያምራል፤ ግን ውስጡ ያለው ባትሪ ሲሞት ብዙ ጊዜ ዕቃው አብሮ ይሞታል። ደግሞ ጄቢኤል ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ጄቢኤል አይደለም። እኔ የምመርጠው ሁለት ያገለገሉ ተራ ስፒከሮች፣ ለብቻው አንድ አምፕሊፋየር ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ጠጋኙ አንዱን ብቻ ይነካል። ስትገዙ የፊቱን መሸፈኛ አንሡና በወረቀቱ ዙሪያ ያለውን ቀለበት በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት። ጎማ ከሆነ እሰየው። ስፖንጅ ከሆነ የቆላው ሙቀትና የክረምቱ እርጥበት አይምረውም፤ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል።

ስለ ዋት የሚጻፈውን አትመኑ። ፊቱ ላይ «3000 ዋት» የሚል ሳጥን ጀርባው ላይ የሚፈጀው ኃይል 40 ዋት ነው ይላል። ከሚበላው በላይ ዘወትር የሚያወጣ ዕቃ እስካሁን አልተፈጠረም። ጀርባውን ስታነቡ ቮልቱንም እዩ፤ ከጃፓን የመጣ ባለ 100፣ ከአሜሪካ የመጣ ባለ 120 ቮልት ዕቃ በእኛ 220 ላይ ሲሰካ ጭስ ነው የሚሆነው።

አምፕሊፋየርን በተመለከተ የቆላው ሰው ዕድለኛ ነው ብል አትሳቁ። ክላስ ዲ የሚባሉት ትንንሾቹ አምፖች ከድሮዎቹ ከባባዶች በጣም ያነሰ ይሞቃሉ፤ ጥላው ራሱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት መጋቢትና ሚያዝያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ደግሞ በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ ያም ማለት ከሶላር ባትሪው በቀጥታ። በ4 ኦም ስፒከር ላይ በየጎኑ 15 ዋት ገደማ ይሰጣሉ። ለአንድ ክፍል ይተርፋል፤ ጎረቤትም ይደርሰዋል። መብራት ሲሄድ የሚቋረጥ ነገር የለም።

ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ አዲስ ዕቃ መጠየቅም ያስፈራል። ያገለገለ ዕቃ ላይ የሙጥኝ ማለቴ ለዚህም ጭምር ነው።

ወደ ዘፈኑ ልመለስ። የመተማ ጆሮ ሁለት አገር አለው። የሱዳን ዘፈን እንደኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት ስለሚሄድ መሐመድ ወርዲንና ሰይድ ኸሊፋን ለመውደድ ዓረብኛ ማወቅ አላስፈለገንም። በ1940 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኦምዱርማን ሬዲዮ የዚህ ዘፈን ትልቁ ጎተራ ነው። ጦርነቱ እንደጀመረ ሕንፃው በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀ፤ ጦሩ ያስለቀቀው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። ያን ሁሉ ወራት የሱዳን ሰው ማኅደሩ ተቃጥሎ ይሆን እያለ ሲሰጋ ነበር።

በገላባት የተሻገሩት ሰዎች ብዙ ንብረት አልያዙም። ስልካቸውን ግን ይዘዋል፤ ስልኩ ውስጥ ሚሞሪ አለ፣ ሚሞሪው ውስጥ ወርዲ አለ። እኛ ቤት ያለው የወርዲ ፎልደር ከእንዲህ ያለ ስልክ የተገለበጠ ነው፤ ከመቶ በላይ ዘፈን። ባለቤቱ የእኛን የጥላሁን ገሠሠን ወስዷል።