ዛፍን የሚገድለው ብርዱ ብቻ አይደለም

«ብራዚል ላይ ውርጭ ወረደ» የሚል ዜና ሲሰማ የቡና ዋጋ ሽቅብ ይወጣል። አባቴ ጅማ አካባቢ ትንሽ የቡና ማሳ ስላለው ዜናው ደስ ያሰኘዋል። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ የካናዳ ዛፍ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ችሎ ሲከርም፣ ቡና በአንዲት ሌሊት ውርጭ ለምን ይደርቃል?

መልሱ ግንዱ ውስጥ ነው። እንጨት ሁለመናው የሞተ አይደለም። ውሃ በሚያሳልፉት የሞቱ ቱቦዎች መካከል ስታርች የሚያከማቹ ሕያው ሕዋሳት አሉ። እነዚህን የሚገድላቸው ውስጣቸው የሚሠራው በረዶ ነው። ስለዚህ ዛፎች ሁለት ዘዴ አላቸው። የአኻያ ዘመዶች ውሃውን ከሕዋሱ ያስወጡታል፤ በረዶው ውጭ ይሠራል፣ ሕዋሱ ተጨማዶ ይተርፋል። ኦክና አፕል ደግሞ ውሃውን ውስጥ ይዘው ሳይረጋ ያቆዩታል። ይህ ግን ወሰን አለው፤ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ውሃው በቅጽበት በረዶ ይሆንና ሕዋሱ ያበቃለታል።

ሁለቱም ዘዴ ጊዜ ይፈልጋል። ቀኑ ማጠር ሲጀምር ዛፉ ብርዱን ሳይጠብቅ መዘጋጀት ይጀምራል፤ ቅዝቃዜው ሲመጣ ደግሞ ስታርቹን ወደ ስኳር ይቀይራል። ጃፓናዊው ተመራማሪ አኪራ ሳካይ እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳሳየው፣ በዚህ መልክ የተዘጋጀ ቅርንጫፍ ቀስ በቀስ ከቀዘቀዘ በኋላ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተነክሮም ይተርፋል። ያው ዛፍ በሙቀቱ ወራት ቢሆን ቀላል ውርጭ ይጎዳዋል።

አረቢካ ቡና የእኛው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ልጅ ነው። ውርጭ በማያውቀው ጥላ ሥር ስላደገ እንዲህ ያለ ዝግጅት የለውም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 የብራዚሏን ፓራና ግዛት ውርጭ ሲመታት የቡና ማሳዎቿ ወደሙ። በ1977 የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ3 ዶላር አለፈ።

ከዚያስ? ብራዚላውያን ተከላውን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚናስ ዤራይስ አሸሹ፤ ዋጋውም ተመልሶ ወረደ።

ለዚህ ነው የብራዚል ውርጭ እዚህ እንደ ምሥራች ሲነገር የማይዋጥልኝ። የዚያም ገበሬ የሚያሳድገው ልጅ አለው። ለእኛም ቢሆን ዋጋው የሚቆየው ለጥቂት ዓመት ነው። ያረጀ ቡናውን ጎንድሎ፣ ችግኝ ተክሎ የሚጠብቅ ሰው ያልፍበታል። አባቴን ባለፈው «ዋጋው ሲወርድ ምን ይዘሃል?» አልኩት። «እሱን አላሰብኩትም» አለኝ።

እናንተ ቡና ያላችሁስ?