ሠራተኛው በሌለበት የሚነሣ ፕሮግራም

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ ጥናት የተመሠረተው በማሳ ዳር መጠለያ ውስጥ በተቀመጠች አንዲት አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ኮምፒውተሯ የአፈሩን እርጥበት በየ10 ደቂቃው እየለካች ወደ ዩኒቨርሲቲው ዳታቤዝ ትልካለች። ተማሪዋ ፕሮግራሙን በእጇ አስጀምራ ወደ ከተማ ተመለሰች። በሐምሌ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ ኮምፒውተሯ ተነሣች፤ ፕሮግራሙ ግን አልተነሣም። ይህ የታወቀው ከ9 ቀናት በኋላ ነው። ያለፈ ዝናብ ደግሞ ተመልሶ አይለካም።

ለዚህ ችግር ሊኑክስ መፍትሔ አለው። በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውና ዛሬ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች የሚገኘው ሲስተምዲ፣ ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ ሌሎቹን አገልግሎቶች የሚያስነሣ ሂደት ቁጥር 1 ነው። አዲስ አገልግሎት የሚታወቅለት በአጭር የጽሑፍ ፋይል ነው። የፋይሉ አንደኛ ክፍል አገልግሎቱ ምን እንደሆነና ከምን በኋላ እንደሚነሣ ይገልጻል፤ ሁለተኛው የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ፣ በየትኛው ተጠቃሚ ስም እንደሚሠራና ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ ይደነግጋል፤ ሦስተኛው ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከየትኞቹ አገልግሎቶች ጋር እንደሚካተት ይወስናል።

ተማሪዋ ፋይሉን ጽፋ አገልግሎቱን አስጀመረች፤ ሠራም። አማካሪዋ ግን፣ «ሠርቷል አትበዪኝ፤ ሶኬቱን ነቅለሽ አሳዪኝ» አሏት።

ነቅላ ሰካችው፤ አገልግሎቱ አልተነሣም። የማስጀመር ትእዛዝ ለአሁን ብቻ እንደሆነ፣ ለሚመጣው መነሣት ሁሉ ግን ሌላ የማንቂያ ትእዛዝ እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ተረዳች። አንቅታው ዳግም ነቀለች። አሁንም ዝም አለ። የሲስተምዲን መዝገብ ስታነብ ምክንያቱ ተገለጠ፦ የኔትወርክ መሣሪያው ገና እየተነሣ ሳለ ፕሮግራሙ ዳታቤዙን እያጣ ወዲያው ወዲያው ይወድቃል። ሲስተምዲ ካልተነገረው በቀር በ100 ሚሊሰከንድ ልዩነት መልሶ ያስነሣዋል፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካ ግን ይተወዋል። ተማሪዋ በሙከራዎቹ መካከል 30 ሰከንድ እንዲጠብቅ በአንድ መስመር አዘዘችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነቅል መለኪያው ማንም ሳይነካው ሥራውን ቀጠለ።

አገልግሎቱ ከዚያ ወዲህ በመብራት መጥፋት አልቆመም። የ9ኙን ቀናት ክፍተት በግምት መሙላት ይቻል ነበር፤ ተማሪዋ ግን በሠንጠረዡ ባዶ ተወችው፤ ምክንያቱንም በጥናቱ ዘዴ ምዕራፍ ውስጥ በሁለት ዓረፍተ ነገር አሰፈረች።