ቀድሞ የነካ እጅ

አንባቢ እንደሚያውቀው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ዳኛ የለውም። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ» ይላል፤ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል። ለሁለት ሰው ይህ ይበቃል። በበዓል ማታ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ለአንድ ጥያቄ አሥር አፍ ሲከፈት ግን «እኔ ቀደምኩ!» «የለም፣ እኔ ነኝ!» የሚለው ሙግት ከእንቆቅልሹ ይረዝማል።

ከወልዲያ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገድ ወደ ላሊበላ በሚገነጠልበት ብርዳም ከፍታ፣ በጋሸና፣ ገናን ከቤተሰብ ጋር ለማክበር ስሄድ ይህን ሙግት የምትዳኝ ትንሽ ሣጥን ሠርቼ ይዤ ነበር። ነገሯ ቀላል ነው። በአራት ተጫዋቾች ፊት ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሁለት ብረቶች አሉ። ጣት ሁለቱን አንድ ላይ ሲነካ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ በቆዳው አልፎ ትራንዚስተሩን ይቀሰቅሳል፤ መብራት ይበራል፤ የሌሎቹም መንገድ ይዘጋል። ኃይሉ ከባትሪ ድንጋይ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም።

ልጆቹ ወደዷት። ጣታቸው ገና ሲያርፍ መብራቱ ቦግ ይላል። አያቴ ግን መልሱን ከሁሉ ቀድመው አውቀው ቢነኩት አልበራም። ደግመው ተጫኑት፤ ጸጥ። «እኔን አታውቀኝም መሰል» ብለው ሳቁና እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱ።

ምክንያቱ ከቆዳ ነው። የረጠበ ቆዳ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ የደረቀና የጠነከረ ቆዳ ግን በመቶ ሺህ በሚቆጠር ኦም ይገታዋል። እንዝርት፣ ማጭድና ውርጭ ያደረቁት እጅ ለሣጥኗ እንደሌለ ነው። ከቤቱ ሰው ሁሉ ይበልጥ የሠራው እጅ መሆኑን ከየት ታውቃለች?

መድኃኒቱ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ሲድኒ ዳርሊንግተን ሁለት ትራንዚስተሮችን አቆራኝቶ እ.ኤ.አ. በ1953 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። የመጀመሪያው ያጎላውን ሁለተኛው መልሶ ያጎላዋል፤ እያንዳንዱ መቶ እጥፍ ቢያጎላ በአንድነት አሥር ሺህ እጥፍ ይደርሳሉ። በማግስቱ ከሞተ ሬዲዮ ትራንዚስተሮች ነቅዬ ጨመርኩ። ማታ የአያቴ ጣት ሲያርፍ መብራቱ በራ። ተራው የእሳቸው ሆነና የጠየቁትን የሚፈታ ጠፋ፤ ላሊበላን ሰጠናቸው።

ጨዋታው ጨዋታ ነው። ይሁንና ዛሬ «ፋይዳ» የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የጣት አሻራ ይወስዳል፤ ሥራ ደግሞ አሻራን ይፍቃል። ከአሻራው ጋር የዓይን ብሌንና የፊት ምስል አብሮ መወሰዱ ደግ ነው። እጅ አንብቦ ሰው የሚለይ ማሽን ሁሉ አስቀድሞ በገበሬ እጅ ቢፈተን መልካም ይመስለኛል።